ኮምፒውተር በቀጥታ ሽያጭና በአከፋፋይ በኩል

ኮምፒውተር ከፋብሪካ ወጥቶ ገዢው እጅ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፤ በአከፋፋይና በቸርቻሪ በኩል ወይም ከአምራቹ በቀጥታ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ኮምፒውተርላንድና ሲርስ የተባሉትን መደብሮች ተጠቅሟል። በ1982 የተመሠረተው ኮምፒውተር አምራቹ ኮምፓክም በአከፋፋዮቹ ተማምኖ አደገ።

በ1984 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ዴል በ1,000 ዶላር ሥራ ሲጀምር ሱቁን ዘለለው። ደንበኛው ስልክ ይደውላል፤ ዲስኩ ይህን ያህል፣ ሚሞሪው ይህን ያህል ይሁንልኝ ብሎ ያዝዛል፤ ማሽኑ የሚገጣጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙዎች የዚህን አሠራር ጥቅም የሚያዩት በመሃል ያለው ነጋዴ የሚወስደው ትርፍ በመቅረቱ ብቻ ነው። እኔ ግን ከትርፉ ይልቅ ጊዜው ይበልጣል እላለሁ። የኮምፒውተር ዕቃ እንደ ቲማቲም ነው፤ ባደረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። መጋዘንና መደርደሪያ ላይ ሳምንታት የቆየ ማሽን በውስጡ ያለው ቺፕ የተገዛው በቀድሞው ውድ ዋጋ ነው። ዋጋ ሲቀንስ ደግሞ አምራቹ ለነጋዴው ልዩነቱን ይክሳል። በስሙ የተጠራው ኩባንያው ዴል በ1990ዎቹ መጨረሻ የሚይዘው ክምችት ከሁለት ሳምንት ፍጆታ ያነሰ ነበር። ከገዢው ገንዘቡን ቀድሞ ይቀበላል፣ ለዕቃ አቅራቢዎቹ ቆይቶ ይከፍላል። በ1996 ሽያጩን ወደ ኢንተርኔት አመጣ፤ በ2001 ኮምፓክን አልፎ በዓለም አንደኛ ሆነ። ኮምፓክ ይህን መንገድ ልከተል ቢል እንኳ ያሳደጉትን አከፋፋዮች ማስቀየም ነበረበት። በ2002 ከሌላው ኮምፒውተር አምራች ከኤችፒ ጋር ተዋሃደ።

ኮምፒውተሩን የላም ቆዳ በሚመስል ጥቁርና ነጭ ካርቶን ይልክ የነበረው ጌትዌይ ከቀጥታ ሽያጭ ተነስቶ የራሱን ሱቆች ከፈተ፤ በ2004 ግን ሁሉንም ዘጋ። አፕል በ2001 የከፈታቸው ሱቆች ግን ሰመሩለት።

ላፕቶፕ ሲስፋፋ ነገሩ ተለወጠ። ላፕቶፕ ተነስቶ ክብደቱ ይታያል፣ ቁልፎቹ በጣት ይሞከራሉ፤ በስልክ ይህ አይሆንም። ዴልም በ2007 ዋልማርት በተባለው የችርቻሮ መደብር መደርደሪያ ላይ ዕቃውን ደረደረ። አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ነጋዴው ፊት ማሽኑን አስከፍቶ፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን አይቶ፣ ዋጋውን ተከራክሮ ነው ብሩን የሚቆጥረው። ማሽኑ ቢበላሽም የሚመለሰው ወደዚያው ሱቅ ነው።