ትኩስ ሁሉ አይጥምም፦ ስለ በዓል ኬክና ኩኪስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዓል ሲቃረብ ስልኬ ማረፊያ የለውም። ያለችኝ አንዲት ጠባብ ኬክ ቤት ናት፤ አንድ ኦቨን፣ ሁለት ሰው። መጋገሩ አይደለም የሚያደክመኝ፤ ለየደንበኛው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማስረዳቱ ነው። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«የበዓል ኬክና ኩኪስ ዋዜማው ላይ ካልተጋገረ አይጥምም»

ይሄ የሚሠራው ለአንዳንዱ ብቻ ነው። ስፖንጅ ኬክ ቶሎ ቢበላ ይሻላል። የማርና የዝንጅብል ኩኪስ ግን ከኦቨን በወጣበት ቀን ጠንከር ያለ ነው፤ ቅመሙም ብቻውን ይጮኻል። ማር እርጥበት የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ይለሰልሳል፣ ቅመሙም ይዋሃዳል። በዘቢብና በደረቅ ፍራፍሬ የታጨቀ ኬክማ ሳምንታት ሲቆይ ነው የሚያምርበት። እነዚህን ሁሌም ቀድሜ እጋግራለሁ። «ትኩስ ነው?» ሲሉኝ «ትኩስ እንኳ አይደለም፣ የደረሰ ነው» እላለሁ። እስኪቀምሱት ድረስ አያምኑኝም።

«ኬክ እንዳይደርቅ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የስንት ሰዓት ልፋቴ እዚያ ውስጥ ሲደርቅ!

ኬክ ሲጋገር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ይጠጣና ይለሰልሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይጠነክራል። ኬክ ባጀ የምንለው በአብዛኛው ይህንን ነው። ይህ ለውጥ ደግሞ ፈጥኖ የሚሄደው በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ቅቤውም ይረጋል። በዘይት የተሠራ ኬክ ትንሽ ይሻላል፤ ዘይቱ እንደ ቅቤ አይረጋምና።

ክሬም፣ ካስተርድ ወይም የክሬም ቺዝ ያለበት ኬክ ግን ፍሪጅ ግዴታው ነው። እዚህ ላይ የጤና ጉዳይ ከልስላሴው ይቀድማል። ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይውጣ፤ ውጭ ግን ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ቀድሞ ጋግሮ ማቆየት ለሚፈልግ መፍትሔው ፍሪዘር ነው። እዚያ የስታርቹ ለውጥ ከሞላ ጎደል ይቆማል። ክሬም ያልተቀባውን ኬክ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዞ በፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው። ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ሲወጣ ፕላስቲኩን ቶሎ መግፈፍ የለም! በረዶው እንደተጠቀለለ ይልቀቅ። ያኔ የሚያልበው ፕላስቲኩ ይሆናል እንጂ ኬኩ አይረጥብም። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ኬክ ላዩ ተላቁጦብኝ ነው።

«መሃሉ ለስላሳ የሆነ ኩኪስ አልበሰለም»

ትሪው ከኦቨን ሲወጣ ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ መሃሉ ሲነኩት ሰመጥ ካለ፣ ልክ ነው። ትሪው ትኩስ ስለሆነ ማብሰሉን አያቆምም። አምስት ደቂቃ ያህል ባለበት እተወዋለሁ፤ ከዚያ አንስቼ ሽቦ ላይ አቀዘቅዘዋለሁ። መሃሉ እስኪደርቅ የጠበቁት ኩኪስ ግን ሲቀዘቅዝ ጥርስ ይፈትናል።

«ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ኬክ ይበልጥ ኩፍ ይላል»

ኩፍ ይላል፤ ግን መልሶ ይሰምጣል። ሊጡ ሳይጸና ጋዙ ይበዛና የያዘውን አረፋ ያፈነዳዋል። አፍ ላይም መረር ይላል። የማይነፋ ኬክ ካስቸገረ መጠኑን ከመጨመር በፊት ቤኪንግ ፓውደሩን መፈተን ነው፤ ከፓውደሩ ግማሽ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ ሲደረግ ቶሎ አረፋ ካላወጣ መጣል ነው።

«ስኳሩን በግማሽ ብትቀንሺው የሚለወጠው ጣዕሙ ብቻ ነው»

ምነው በሆነ! ስኳር እርጥበት ይይዛል፣ ቀለም ይሰጣል፣ ኩኪሱ ትሪ ላይ እንዲዘረጋ ያደርጋል። ግማሹ ሲወጣ የሚቀረው የገረጣና ቶሎ የሚደርቅ ነገር ነው። ከአራት አንዱን መቀነስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል፤ ለጠየቀኝ አደርገዋለሁ።

«እንቁላል ከሌለው ጥሬ ሊጥ ቢቀመስ ምን አለበት?»

ዱቄቱ ራሱ ጥሬ ነው። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ የሚገድላቸው እሳቱ ነው። ልጆች ሳህን ሲልሱ ማየት ቢያስደስትም ይቅር።

«ሁሉንም ዓይነት ኩኪስ በአንድ ዕቃ ቢያስቀምጡት ያምራል»

ለዓይን ያምራል። ግን እርጥበት ካለበት ወደ ሌለበት ይሄዳል። ማታ ለስላሳውንና ኩርሽም የሚለውን አንድ ላይ ከድኖ ያስቀመጠ ሰው፣ በማግስቱ የሚያገኘው ኩርሽምታው የጠፋ ኩኪስና የደረቀ ኩኪስ ነው። የዝንጅብሉ ሽታ ደግሞ የቫኒላውን ይውጠዋል። ለዚህ ነው የስጦታ ትዕዛዝ ከእኔ ጋ ሁለት ዕቃ ሆኖ የሚወጣው። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ «እህቴ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ጨመርሽብኝ» ብሎ ከመንገድ ተመልሶ መጣ።