ባኽ በኖረባት ላይፕዚግ ገና እንዴት ይከበር ነበር?

የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1750 ድረስ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጀርመኗ ላይፕዚግ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ ነበር። ስለዚያ ዘመን ገና በስህተት የሚነገሩ ነገሮች ሙዚቃውንም አዛብተን እንድንሰማው ያደርጉናል።

«ገና ሲቃረብ ከተማዋ በዝማሬ ትደምቅ ነበር።» እንዲያውም ጭር ትል ነበር። ከገና በፊት ያሉት የአድቬንት ሳምንታት የንስሐ ጊዜ ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ካንታታ (በድምፅና በመሣሪያ የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ) ይቀርባል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው እሑድ ግን በዋናዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ኦርኬስትራው ዝም ይላል። ምእመኑ በገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25፣ ከበሮና መለከት የሚሰማው ጆሮው እንዲህ ጾሞ ከቆየ በኋላ ነው።

«የገና ኦራቶሪዮ የአንድ ምሽት ኮንሰርት ነው።» የልደቱን ታሪክ በዝማሬ የሚተርከው ይህ የባኽ ሥራ ዛሬ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይቀርባል። ባኽ ግን ያዘጋጀው ለስድስት ቀናት ነው፦ ለዲሴምበር 25፣ 26 እና 27 1734፣ ከዚያም ለጃንዋሪ 1፣ 2 እና 6 1735። በላይፕዚግ ገና ራሱ ሦስት ቀን ይከበር ነበርና። የመጀመሪያው ክፍል ጠዋት በቅዱስ ኒቆላዎስ፣ ከሰዓት በኋላ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ተዘመረ፤ በማግስቱ ሁለተኛው ክፍል ከቅዱስ ቶማስ ጀመረ። ታሪኩም ከልደቱ ተነስቶ፣ በእረኞቹ በኩል አልፎ፣ ሰብአ ሰገል ጋ የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ነው። በየቀኑ አንድ ክፍል ብቻ መስማትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ሥራው የተሠራው ለዚያ ነውና።

«ሙዚቃው በሙሉ ለገና የተደረሰ ነው።» አይደለም። በከበሮ የሚከፈተው የመጀመሪያው መዝሙር በ1733 ለፖላንድ ንግሥት ማሪያ ዮሴፋ ልደት የቀረበ ነው፤ ባኽ ዜማውን ይዞ ግጥሙን አስቀየረ። ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩት ሰዎች አይገቡኝም። የንግሥቲቱ በዓል አንድ ቀን ውሎ ያልፋል፤ ገና ግን በየዓመቱ ይመለሳል፣ ዜማውም አብሮት።

«ሉተራውያን ላቲንን ጨርሰው ጥለውት ነበር።» ሉተራዊት በነበረችው ላይፕዚግ በታላላቅ በዓላት በላቲን ይዘመር ነበር። በኋላ ባኽ «ቢ ማይነር ቅዳሴ» በተባለው ትልቅ የላቲን ሥራው ውስጥ ያስገባው «ሳንክቱስ» («ቅዱስ» የሚለው መዝሙር) መጀመሪያ የተሰማው በ1724 ገና ነው።

ዛሬ ከገና ጋር የምናያይዛቸው አንዳንድ ነገሮችም ከባኽ በኋላ የመጡ ናቸው፦ «ጸጥተኛው ሌሊት» የተባለው መዝሙር በ1818፣ የአድቬንት የሻማ አክሊል በ1839። የገና ዛፍም በጀርመን ቤቶች በሰፊው የተለመደው ባኽ ከሞተ በኋላ ነው።

በባኽ ሥራዎች ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ ዛሬ በአብዛኛው ሴቶች ይዘምሩታል። በባኽ ጊዜ ግን የሚዘምሩት በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የሚያድሩ፣ እሱ ራሱ የሚያስተምራቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ።