የወራሽነት ማረጋገጫና ውርስ ማጣራት፦ ብሩ የሚያልቀው የት ላይ ነው

ባንክ ሄዳችሁ የአባታችንን ሂሳብ እንዝጋ ብትሉ መጀመሪያ የምትጠየቁት የፍርድ ቤት ወረቀት ነው፣ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚባለው፣ የቤቱን ካርታ ስም ማዞርም የመኪናውን ሊብሬ መቀየርም ያለሱ ፈቅ አይልም። ነገርየው የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት አሁንም እሱው ነው። የገጠር መሬት ግን በየክልሉ የመሬት ሕግ ነው የሚሄደው፣ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ሁሉም ወገን ከተስማማ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ።

ወረቀቱን ማውጣቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከወሳኝ ኩነት የሞት ሰርተፍኬት፣ ልጅነትን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ሟችን የሚያውቁ ምስክሮች፣ ከዛ ተቃዋሚ ካለ ይምጣ ተብሎ የጋዜጣ ጥሪ ሊታዘዝ ይችላል። ማመልከቻው የሚገባው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። እዚህ ድረስ ወጪው ማመልከቻ ማጻፊያ፣ ዳኝነት፣ ጋዜጣ፣ ኮፒና ታክሲ ምናምን ነው፣ ሰው የሚፈራውን ያህል አይደለም።

ብሩ የሚያልቀው ጸብ ሲገባ ነው። ጸብ ደሞ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማን እንደሚወርስ በደንብ ስለማይታወቅ ነው፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ፣ ልጅ ከሌለ እናትና አባት፣ እያለ ይቀጥላል፣ ሚስት ወይም ባል ግን በሕጉ ወራሽ አይደሉም! ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። ባይሆን ውርሱ ከመነካቱ በፊት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ያነሳሉ፣ እሱ ውርስ ሳይሆን የራሳቸው ድርሻ ነው፣ ከጋራ ንብረቱ ለልጆች የሚቀረው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። ይሄን ሳይለዩ እናትየውን ከቤት ውጪ ማለት የጀመሩ ልጆች ስንት ዓመት እንደሚካሰሱ የፍርድ ቤት ደጅ የቆመ ያውቀዋል።

ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ለሟች መከፈል ያለበትን ይሰበስባል፣ ኑዛዜ ካለም ይፈልጋል። ክፍያው ሥራው የሚገባው እስከሆነ ድረስ ሟች በወሰነው ወይ ወራሾች በተስማሙበት፣ ያም ከሌለ ፍርድ ቤት በቆረጠው ነው፣ የሚወጣውም ከውርሱ ነው። ስለዚ እየተጣሉ የሚበሉት የራሳቸውን ድርሻ ነው ማለት ነው። ቀድሞ የሚከፈለው ተራ አለው፣ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዛ የሟች ዕዳ፣ ቀለብ፣ መጨረሻ ላይ በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች። የሚገርመው የተዝካር ወጪን ሕጉ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም፣ የአገሩ ልማድ ምንም ቢል! ታላቅ ወንድም በሬ አርዶ ድንኳን ጥሎ ሲያበቃ ደረሰኙን አጣሪው ፊት ቢያስቀምጥ በቀብር ስም ቅድሚያ አያገኝም።

ኑዛዜ ላይም ወጥመድ አለ። በአፍ የተነገረ ኑዛዜ 2 ምስክር ይፈልጋል፣ ተናዛዡ በሕይወት እያለ 3 ወር ካለፈው ይወድቃል፣ በሱ መስጠት የሚቻለውም እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ነው፣ ያኔ 500 ብር ብር ነበረ እንግዲህ፣ ዛሬ ለምንም አይሆንም። አባቴ ሲሞት ቤቱን ላንተ ብሎኛል የሚለው ወሬ በቃ በዚህ ያበቃል። በእጅ የተጻፈውም በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። ውርሱን ያለአግባብ በያዘ ሰው ላይ ወራሽ ነኝ ብሎ መክሰሻ ጊዜው ደግሞ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቁ 3 ዓመት ነው፣ ባያውቁም በመርህ ደረጃ ሟች ከሞተ 15 ዓመት ካለፈ አበቃ (የዘር የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ከዘመድ ሲወርድ የመጣ ቤት ወይም መሬት ላይ፣ ሕጉ የተለየ ነገር አስቀምጧል)።

ውጭ አገር ላሉት ወጪው ውክልና ላይ ይጨምራል፣ ኤምባሲ፣ ከዛ ውጭ ጉዳይ፣ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ። እዚህ ላይ ብር ለመቆጠብ ብሎ ደፈናውን ወክዬዋለሁ የሚል ወረቀት መላክ አይጠቅምም፣ መታረቅና መሸጥ የሚል በግልጽ ካልተጻፈበት ተወካዩ ፊርማው ጋ ሲደርስ ይመለሳል፣ እንደገና ከኤምባሲው ሰልፍ መጀመር ነው።