ጆን ሜንሳ ሳርባ፦ የነጋዴው ልጅ በችሎት

ጆን ሜንሳ ሳርባ ከዛሬዋ ጋና፣ ያኔ ጎልድ ኮስት ከምትባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ በእንግሊዝ ባሪስተር፣ ማለትም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ፣ ለመባል የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነው። ማዕረጉን ያገኘው በ1887 ነበር። ገና 23 ዓመቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጋናውያን ስሙን የሚያነሱት ከሁሉ በላይ ከመሬት ጋር አያይዘው ነው። የአገሬው ሰው መሬት በአንድ ረቂቅ ሕግ መንግሥት እጅ ሊገባ ሲል ተከራክሮ ካዳኑት ሰዎች አንዱ ነውና። እኔ ግን ታሪኩን ከአባቱ ሱቅ ብጀምር ይሻለኛል።

አባቱም ጆን ሳርባ ይባላል። በ1834 ተወልዶ በ1892 የሞተ፣ በአኖማቡና በኬፕ ኮስት የታወቀ ነጋዴ ነበር። ሁለቱም በአትላንቲክ ዳር ያሉ የፋንቴ ሕዝብ ከተሞች ናቸው። ፋንቴዎች ከአሻንቲዎች ጋር አካን የሚባለው የትልቁ ሕዝብ ክፍል ናቸው። የቅኝ ገዢው መንግሥት መቀመጫም በ1877 ወደ አክራ እስኪዛወር ድረስ ኬፕ ኮስት ነበር። የከተማዋ ትልቅ ምሽግ ዛሬም ባሕሩ ዳር ቆሟል፤ ባሪያ ይፈነገልበት የነበረው ያ ምሽግ ነው። የባሪያ ንግዱ ሲቀር ከዚያ ዳርቻ መጫን የጀመረው የፓልም ዘይት ነው። ያው እኛ ሸማቾች ሱቅ በር ላይ የምንሰለፍለት ዘይት ማለት ነው። እንግሊዞች ግን ያኔ የሚፈልጉት ለሳሙና፣ ለሻማና ለማሽን ማለስለሻ ነበር።

ንግዱ የቆመው በዱቤ ነው። የዳርቻው ነጋዴ ከእንግሊዝ ጨርቅ፣ መጠጥና የብረታ ብረት ዕቃ በዱቤ ያስመጣል። ዕቃውን በየትንንሹ ከተማ ላሉ ባለሱቆች ያከፋፍላል፤ እሱም በዱቤ ነው። ባለሱቆቹ ዕቃውን በዘይት፣ በፓልም ፍሬና በጎማ ይለውጣሉ። የተሰበሰበው በበርሜል ተሞልቶ ወደ እንግሊዝ ይጫናል፤ ዕዳው የሚከፈለው ያኔ ነው። ከ1852 ጀምሮ መደበኛ የእንፋሎት መርከብ በዳርቻው መመላለስ በመጀመሩ፣ የራሱ መርከብ የሌለው አፍሪካዊም ጭነት መላክ ቻለ። ሽማግሌው ሳርባ በዚህ መንገድ ካደጉት አንዱ ነው። ጎማም ይነግድ ነበር። በ1888 ደግሞ የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ሆነ።

ዱቤ ባለበት ሁሉ ክርክር አለ። አንዱ ባለሱቅ ይከስራል፣ ሌላው ይሞታል፣ ሌላው ያልከፈለውን ከፍያለሁ ወይም የተሰጠውን አልተሰጠኝም ይላል። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ ከባድ ነው። የሟችን ዕዳ የሚከፍለው ማነው? ቤቱንስ ለመያዣነት ማቅረብ ይችል ነበር ወይ? ቤቱ የእሱ የግሉ ነው ወይስ የዘመድ ሁሉ?

እዚህ ላይ የፋንቴን ውርስ ማወቅ ግድ ይላል። ውርስ የሚሄደው በእናት በኩል ነው። የሟች ሀብት ለገዛ ልጆቹ አይደርስም። ለእናቱ ልጅ ወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ ይተርፋል። በእናት የሚቆጠረው ይህ ወገን አቡሱዋ ይባላል። አባት ለልጁ የሚተወው ነገር ካለ፣ በሕይወት ሳለ መስጠት ወይም መናዘዝ አለበት። ሽማግሌው ሳርባ ልጁን እንግሊዝ አገር፣ ቶንተን ወደሚገኘው የዌስሊያን ፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት ልኮ አስተማረው። ልጁም ከዚያ ወደ ሎንዶን፣ ወደ ሊንከንስ ኢን የሕግ ማኅበር ገባ። ግምት ነው፣ ግን ይታየኛል፦ ሱቁን የእህት ልጅ ሊወርስ ይችላል፤ የተማሩትን ግን ማንም አይወርስም።

ለምን ሕግ? ዘመኑም እየተለወጠ ነበር። ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ትልልቆቹ የአውሮፓ ኩባንያዎች በየከተማው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የመርከብ ድርጅቶቹም በዋጋ ተስማምተው አብረው መሥራት ጀመሩ። በመካከል ያለው አፍሪካዊ ነጋዴ ትንፋሽ አጠረው። የነጋዴዎቹ ልጆች ወደ ሕግና ወደ ሕክምና ሄዱ። ከሳርባ በኋላ ቶማስ ሃተን ሚልስና ኬስሊ ሄይፎርድም በ1890ዎቹ ባሪስተር ሆነው ተመለሱ። ሳርባ ግን ከምዕራብ አፍሪካ የመጀመሪያው እንዳይመስላችሁ። የሴራሊዮኑ ሳሙኤል ሉዊስ በ1871፣ ሌጎስ ላይ የሠራው ሳፓራ ዊሊያምስም በ1879 ቀድመውታል።

ሳርባ አገሩ ሲገባ ያገኘው ችሎት ሁለት ሕግ ተሸክሞ የሚንገዳገድ ነበር። በ1876 የወጣው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ድንጋጌ የእንግሊዝን ሕግ አገሩ ውስጥ አስገባ። የአገሬው ልማድም ይሠራል አለ። ነገር ግን ለተፈጥሮ ፍትሕ፣ ለርትዕና ለመልካም ኅሊና ተቃራኒ እስካልሆነ ድረስ ነው። ተቃራኒ ነው አይደለም የሚለው ደግሞ እንግሊዛዊው ዳኛ ነው። ከዚህ የባሰው ነገር አሠራሩ ላይ ነበር። ልማዱ ስላልተጻፈ እንደ ሕግ አይቆጠርም፤ እንደማንኛውም ፍሬ ነገር በምስክር መረጋገጥ አለበት። ማለትም አንድ ሽማግሌ ችሎት ቀርቦ፣ ልጅ ሆኖ ጀምሮ የኖረበትን ሕግ እንደ አዲስ ወሬ ያስረዳል። ያስተረጉሙለታል። የተቃራኒው ወገን ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ይላል። ዳኛው ይምረጥ!

ሳርባ መልስ ብሎ ያዘጋጀው በ1897 የወጣውን የፋንቴ ባህላዊ ሕጎች መጽሐፍ ነው። በ1904 ሁለተኛ እትም ወጣለት። ብልሃቱ አደረጃጀቱ ላይ ነው። ልማዱን በርዕስ በርዕሱ ከዘረዘረ በኋላ፣ ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው የወሰኗቸውን ጉዳዮች ሰብስቦ አብሮ አሳተመ። እንግሊዛዊ ዳኛ የሽማግሌ ቃል ቢጠራጠር፣ የባልደረባውን የቀድሞ ፍርድ ግን ዝም ብሎ አያልፍም። የዳኛውን ቋንቋ አውቆ የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

ልማዶቹን አንድ ሁለቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። ፋንቴዎች መሬት ሲሸጡ ጉዋሃ የሚባል ሥርዓት አለ። የሻጭና የገዢ ወገኖች ዛጎል የታሰረበትን የተክል ክር ወይም ቅጠል ግራና ቀኝ ይይዛሉ። በምስክሮች ፊት ይበጠሳል፤ እያንዳንዱም በእጁ የቀረውን ይዞ ይሄዳል። ውሉ ያው ነው። ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። ግን ነገ አልሸጥኩም ቢል ግማሹ ክር ሌላው ቤት አለ፤ ያዩትም ሰዎች አሉ። ስጦታም እንዲሁ ባዶ እጅ አያልቅም። ተቀባዩ አሴዳ የሚባል የምስጋና መጠጥ ወይም ገንዘብ በሰው ፊት ካላቀረበ ስጦታው አልጸናም። ሰው ሊሞት ሲል በቃሉ የሚናዘዘው ደግሞ ሳማንሲው ይባላል፤ እሱም ወገንና ምስክር ይፈልጋል። ሁሉም ጋ የሚመላለሰው ምስክር ነው። በዱቤ መዝገብ መካከል ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ የከበደው ደንብ ግን ስለ ወገን መሬት የሚለው ነው። የወገኑ አለቃ መሬቱን ይጠብቃል እንጂ ብቻውን አይሸጥም። የዋናዎቹ የወገኑ አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጫካውም፣ ያልታረሰውም ባለቤት አለው። ባዶ መሬት የሚባል ነገር የለም።

መንግሥት የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነበር። የወርቅ ፈላጊዎች ዳርቻውን እያጥለቀለቁት ነው። አለቆች ለአንዱ የሰጡትን መሬት ለሌላው ይፈርማሉ፤ ውሉ ተደበላልቋል። በ1894 የቀረበው ረቂቅ ጠፍ መሬቱን፣ ጫካውንና ማዕድኑን ለእንግሊዝ ዘውድ የሚሰጥ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ ረቂቁ ቀረ። በ1897 በገዥው ዊሊያም ማክስዌል ዘመን ሌላ መጣ። ይሄኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ባለቤት ነኝ አይልም። አስተዳድራለሁ ነው የሚለው። ግን ሥራዬ ብሎ ላነበበው ሰው ውጤቱ ያው ነው።

ኬፕ ኮስት ላይ የአገሬው ተወላጆች መብት ጥበቃ ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ሳርባ በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ረቂቁን ተቃወመ። የአለቆቹ ጠበቃ ሆኖ ነበር የቀረበው፤ ክፍያ ግን አልቀበልም አለ። ባለሥልጣናቱ ጠበቆቹ የሚጮኹት ለኪሳቸው ነው ይሉ ነበር። ከወርቅ ውሎቹ ጠበቆች ጥሩ ገንዘብ ያገኙ ስለነበር ሐሜቱ መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሳርባ ያለ ክፍያ መቆሙ ግን አፋቸውን ሳያስይዝ አይቀርም።

የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ደግሞ ሌላ ነጋዴ ነው፤ ጄኮብ ዊልሰን ሴይ። ከድህነት የተነሳ የዘይት ነጋዴ ነበር። በገዛው የዘይት እንስራ ውስጥ ወርቅ አግኝቶ ነው የከበረው ይባላል። በ1898 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሎንዶን ሄዶ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩን ጆሴፍ ቻምበርሊንን አነጋገረ። ሎንዶንም ረቂቁን ተወችው። ክርክሩን ያዘጋጁት የተማሩት ናቸው፤ የመርከቡን ወጪ የቻለው ግን የነጋዴው ቦርሳ ነው።

ይህ ድል ምን አስከተለ? ኬንያ ላይ ከ1902 ጀምሮ ለም የሆነው ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ታደለ። ጎልድ ኮስት ላይ ግን ገበሬው መሬቱ ላይ ቀረ፤ ቸኮሌት የሚሠራበትን ካካዎም ተከለ። በ1911 አገሪቱ በዓለም አንደኛ ካካዎ አምራች ሆነች። አብዛኛው ከአነስተኛ የአፍሪካውያን እርሻ የመጣ ነው። ይሄን ሁሉ የረቂቁ መቅረት ብቻ አመጣው ማለት ማጋነን ነው። የአየሩ ሙቀትና ወባው ለሰፋሪ የሚመች አልነበረም። መሬቱ በዘውድ እጅ ገብቶ ቢሆን ግን ታሪኩ እንዲህ ይሄድ ነበር ብዬ አላስብም።

ሌላው ሥራው ባጭሩ ይበቃል። በ1889 በኬፕ ኮስት ምፋንሲ አማንቡሁ ፌኩው የተባለውን የፋንቴ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። ማኅበሩ የፋንቴ ቋንቋ፣ ስምና ልብስ እንዳይናቅ ይወተውት ነበር። ጠበቃው ግን ችሎት የሚቆመው የእንግሊዝ ባሪስተር ካባ ለብሶ ነው፤ ምን ያድርግ፣ ደንቡ ነው። ጎልድ ኮስት ፒፕል የሚባል ጋዜጣ አወጣ። በ1906 ስለ ፋንቴ የአስተዳደር ሥርዓት ሁለተኛ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ምፋንትሲፒም የሚባለውን ትምህርት ቤት ካቋቋሙትም ይቆጠራል። ኮፊ አናን የተማረው እዚያ ነው። ከ1901 ጀምሮ እንደ አባቱ የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል ሆኖ ሠርቷል። ምክር ቤቱ ውስጥ ግን የመንግሥት ባለሥልጣናት ሁልጊዜ ይበዙ ስለነበር፣ አንድ አፍሪካዊ አባል ከመናገር ያለፈ ጉልበት አልነበረውም። በ1910 ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተሰጠው። በዚያው ዓመት በ46 ዓመቱ ሞተ።

ሌጎን የሚገኘው የጋና ዩኒቨርሲቲ በ1963 አንዱን የተማሪዎች መኖሪያ በስሙ ሰየመ። የዚያ ሕንጻ ተማሪዎች ራሳቸውን በጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ስም ቫይኪንግ ነው የሚሉት፤ ስለ ፋንቴ ስምና ቋንቋ ሲከራከር የኖረ ሰው ቤት ውስጥ! በ1985 ደግሞ ጋና የውርስ ሕጓን ቀየረች። ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት፣ በግሉ ካፈራው ሀብት ትልቁን ድርሻ ሚስትና ልጆች እንዲያገኙ ሆነ፤ የእናት ወገን ድርሻ አነሰ። የወገኑ መሬት ግን በዚህ ሕግ አልተነካም። አለቃው ብቻውን ሸጠው የሚል ክስ ሲመጣ ወይም ሳማንሲው ላይ ጠብ ሲነሳ፣ የጋና ዳኞች ዛሬም የ1897ቱን መጽሐፍ ይጠቅሳሉ።