ዴንሲቲ አልቲትዩድ ምንድን ነው? ቦሌ ቀትር ላይ እንጦጦ የሚወጣበት ምክንያት

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተንና አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ወደ አገር ቤት ሲመጣ ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ ያርፋል። ሲመለስ ግን መሀል ላይ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ መሙላት አለ። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት መምጣቱ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ትልቁ ምክንያት ራሱ ቦሌ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተዘረጋው። ከዚያ ላይ ሙሉ መንገደኛና አትላንቲክን የሚያሻግር ነዳጅ ጭኖ መነሳት አይሞከርም፤ አየሩ ስስ ነው።

አብራሪዎች ይህን ስስነት የሚለኩበት ነገር ዴንሲቲ አልቲትዩድ ይባላል። በፊዚክስ መጽሐፋችን ቋንቋ የእፍግታ ከፍታ ልንለው እንችላለን፤ በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች ግን በእንግሊዝኛው ስሙ ነው የሚጠሩት። ትልቁ አውሮፕላን ይህን ሂሳብ የሚሠሩለት ሰዎችና ኮምፒውተሮች አሉት። ነገሩ እስከ አጥንት የሚሰማው ግን አንድ ሰው በቤቱ ጋራዥ፣ በራሱ እጅ፣ ስንት ቅዳሜና እሁድ ሠውቶ በሠራት ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ላይ ነው። እዚያ ላይ የእፍግታ ከፍታ የወንበሩን ስፖንጅ ውፍረት ሳይቀር ይወስናል።

መጀመሪያ ትርጉሙ። መሬት ያለበት ከፍታ አይለወጥም። አየር ግን ሲሞቅ ይሳሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ክንፍም፣ ፕሮፔለርም፣ ሞተርም የሚያውቁት አየሩን እንጂ በካርታ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም። ስለዚህ አብራሪው የሚጠይቀው «ይህ አሁን ያለሁበት አየር፣ በመደበኛው ቀን ቢሆን በስንት ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ አየር ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ዴንሲቲ አልቲትዩድ ነው። መደበኛ ቀን የሚባለው በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀንስ በስምምነት የተቀመጠ ልክ ነው።

በዚህ ልክ ቦሌ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቀትር ላይ በዜሮ ዲግሪ! ከመደበኛው በላይ ለሆነች ለእያንዳንዷ ዲግሪ ወደ 36 ሜትር ይደመራል። እንግዲህ በ25 ዲግሪ ሙቀት ቦሌ ላይ የቆመ አውሮፕላን የሚሰማው ከፍታ 3,250 ሜትር ያህል ይሆናል። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ገደማ ነው። ሜዳው ሳይነቃነቅ ቀትር ላይ ተራራ ወጣ ማለት ነው። ድሬዳዋም ከዚህ አታመልጥም። ሜዳዋ ከ1,200 ሜትር በታች ነው፤ በ35 ዲግሪ ሙቀት ግን አየሩ የ2,200 ሜትር ያህል አየር ነው። ከደጋው ወርጄ ተገላገልኩ ያለ አብራሪ እዚያው አዲስ አበባ ደጃፍ ራሱን ያገኘዋል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰው አውሮፕላን መሥራቱ ብርቅ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ የሚሠራው ሰው ራሱ እንዲሠራው ነው፤ በተለምዶ የ51 በመቶ ሕግ ይሉታል። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 ተመሥርቶ፣ ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ኦሽኮሽ የምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ላይ ይሰበሰባል። የሚገጥሟቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው። 80 ወይም 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የኦስትሪያው ሮታክስ 912 አለ፤ ከበድ ያሉት የአሜሪካዎቹ ላይካሚንግና ኮንቲኔንታል አሉ። የቮልስ ሞተርም አለ። አዎ፣ ያቺው ሞተሯን ከኋላዋ አዝላ የምትሄደው ቮልስ። በአየር ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ጣጣ የለበትም፤ ቀላልም ነው። አገር ቤት ራሱን አስተምሮ አውሮፕላን በመሥራቱ ስሙ በዓለም ዜና የተጠራው አስመላሽ ዘፈሩም የተጠቀመው 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ ሞተር ነበር። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ከዚያም ይቀድማል። ጣልያን ወስዷት እ.ኤ.አ. በ2024 የተመለሰችው ፀሐይ የተሠራችው በ1935 ነው።)

ሞተር በስስ አየር ምን ይሆናል? ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው አየር በሊትር ሲለካ የትም ቦታ እኩል ነው። በኪሎ ሲለካ ግን አይደለም። በባሕር ወለል መደበኛ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ቦሌ ቀትር ላይ ያው ሜትር ኩብ 0.89 ኪሎ ገደማ ነው። አየር ከቀነሰ የሚነድደው ነዳጅም ይቀንሳል። ሾፌሮች ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ሲወርዱ «አሁን ተነፈሰች» ይላሉ፣ መኪናዋን። አትሌት ሱሉልታ ላይ ወራት ሲሮጥ ደሙ ከስስ አየር ጋር ይላመዳል። ሞተር አይላመድም፤ ሺህ ጊዜ ቢነሳ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ባለ80 የፈረስ ጉልበቱ ቦሌ ቀትር ላይ ወደ 55 ይወርዳል፤ ባለ40ው ወደ 27 ተኩል።

ሲሶ ጠፋ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ታዲያ አወጣጡም በሲሶ ይቀንሳላ» ብሎ ይገምታል። እንደዚያ አይደለም። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው ባለው ጉልበት ሳይሆን በተረፈው ጉልበት ነው። ደመወዝህ በሲሶ ቢቀነስና በዚያው ወር የቤት ኪራይ ቢጨመርብህ፣ የሚቀጥነው ቁጠባህ በሲሶ ብቻ አይሆንም።

ለምሳሌ 500 ኪሎ የምትመዝን ባለ80 የፈረስ ጉልበት አውሮፕላን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፤ ከእውነቱ ግን ሩቅ አይደሉም። ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ጉልበት 70 በመቶውን ወደ መጎተት ይለውጣል እንበል። በባሕር ወለል 56 በእጇ አለ። ሳትወጣ ሳትወርድ ቀጥ ብላ ለመብረር ብቻ 22 ትፈልጋለች። 34 ተረፈ፤ ይህ በሰከንድ 5.2 ሜትር ያወጣታል። ቦሌ ቀትር ላይ በእጇ ያለው 38 ነው። ኪራዩ ደግሞ ጨምሯል፦ በስስ አየር ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሄድ ስላለባት ቀጥ ብሎ ለመብረር ብቻ 26 ይበላል። የተረፈው 12፤ በሰከንድ 1.8 ሜትር። ሞተሩ ሲሶ ተቀነሰበት፣ አወጣጡ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።

ምቾት የሚገባው እዚህ ነው። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ ማሳመር ይጀምራል። ወፍራም ስፖንጅ፣ ቆዳ ልባስ፣ ምንጣፍ፣ ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ፣ ትልቅ ባትሪ ከነሞተሪኖው፣ ሁለተኛ ስክሪን፣ በላዩ ላይ ሦስት ዙር ቀለም። አንዱም ብቻውን ከባድ አይደለም፤ ተደምረው ግን በቀላሉ 30 ኪሎ ይደርሳሉ። እነዚያን 30 ኪሎዎች በባሕር ወለል ብንጭናቸው አወጣጡ ከ5.2 ወደ 4.6 ይወርዳል፤ አብራሪው ልብ ላይለውም ይችላል። ቦሌ ላይ ግን ከ1.8 ወደ 1.4 ይወርዳል። ያው ምንጣፍ፣ ያው ቆዳ፤ በባሕር ወለል ከአወጣጡ ዘጠነኛውን ወሰደ፣ ደጋ ላይ ከአምስተኛው በላይ። እኔ እንደማየው ስለ ምቾት የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የዕቃውን ኪሎ ይጠይቃል እንጂ ያ ኪሎ የሚጫንበትን አየር አይጠይቅም። ፍሎሪዳ ላይ የተመሰገነ ወንበር ኮሎራዶ ላይ የሚረገመው ለዚህ ነው። ሌድቪል የሚባለው የኮሎራዶ አውሮፕላን ማረፊያ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ገና ሳይሞቅ።

ይህ ማለት አብራሪው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ሦስት ሰዓት ወገቡን ሲወጋው የቆየ ሰው ሲያርፍ ይሳሳታል። ብልህ ሠሪ ምቾትን ያለ ክብደት ይፈልጋል። ወንበር ላይ ከስፖንጁ ውፍረት ይልቅ የመደገፊያው ዘመም ማለትና ለጭን የሚሰጠው ድጋፍ ይበልጣል፤ አቀማመጥ ደግሞ ኪሎ የለውም። ግድግዳውን በንጣፍ ከመሸፈን ድምፅ በድምፅ የሚያጠፋ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ምንጣፉ ቢቀር ማንም አያለቅስም።

ማሞቂያው ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ የካቢኑ ምቾትና ሞተሩ በአንድ ቆርቆሮ የሚገናኙት እዚያ ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች የጭስ ማውጫው ቧንቧ ወይም ማርሚታው በቆርቆሮ እጅጌ ይሸፈናል። የውጭ አየር በመሀሉ አልፎ ይሞቅና እግር ሥር ይነፍሳል። ቀላልና ርካሽ ዘዴ ነው። ቧንቧው ከተሰነጠቀ ግን የሚነፍሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያው ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ሰውነት አስቀድሞ ኦክስጅን አንሶታል። ጥቂት ግራም የምትመዝን ጠቋሚ መሣሪያ ዳሽቦርድ ላይ መለጠፍ ክብደት ተብሎ አይቆጠርም።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ ስስ አየር ሁለት ሌሎች ጣጣዎች አሉት። ካርቡሬተር ነዳጅ የሚለካው አየሩ ወፍራም ነው ብሎ ነው። ከፍታ ላይ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ከተረፈው ጉልበት ላይም ይቀነሳል። በላይካሚንግና በመሰሎቹ አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ የነዳጁን መጠን በእጁ እየቀነሰ፣ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልጋል። የሮታክስ 912 ካርቡሬተሮች ግን በተወሰነ ደረጃ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ነው። አወጣጡ ሲያዘግም ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ፣ አፍንጫው ቀና ብሎ፣ በስስ አየር እየተነፈሰ ረጅም ደቂቃ ይቆያል፤ ቴስታታው ይግላል። በተለይ በቮልስ ሞተር ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መጨመር፣ ከአወጣጡ ላይ ትንሽ መተው ነው።

ቱርቦስ? ሮታክስ 914 ቱርቦ አለው፣ 115 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ ከፍታም ብዙ አይጎዳውም። ይሁንና ቱርቦው አየር የሚያጠግበው ሞተሩን ብቻ ነው። ፕሮፔለሩና ክንፉ እዚያው ስስ አየር ውስጥ ናቸው። ዋጋውም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ማለዳ መነሳት ነው። ቦሌ ላይ በ8 ዲግሪ ማለዳ የእፍግታው ከፍታ 2,630 ሜትር ገደማ ነው፤ ያው ሞተር 55 ሳይሆን 59 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አራት የፈረስ ጉልበት፣ በነጻ። ምቾቱም አብሮ ይመጣል። አየሩን የሚያሳሳው ፀሐይ ነው፤ መሬቱን አግሎ አየሩን የሚያናጥም ያው ፀሐይ ነው። 500 ኪሎ የማትሞላ አውሮፕላን ቀትር ላይ እንደ ጋሪ ትንገጫገጫለች። መስታወት ኮፈኗም ሰውን እንደ አበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤት ያፍነዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም የሉም።

ቀትር ላይ መነሳት ግድ ከሆነ አንድ አታላይ ነገር አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ሁልጊዜ የለመዱትን ቁጥር ነው፤ ክንፉም በዚያው ቁጥር ይነሳል። ነገር ግን በስስ አየር ያን ቁጥር ለማግኘት መሬት ላይ ወደ 17 በመቶ በሚበልጥ ፍጥነት መሮጥ ያስፈልጋል፣ በደከመ ሞተር። የሚበላው ማንደርደሪያ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድሮ አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት በእግራቸው ሄደው የማንደርደሪያውን ግማሽ በዓይናቸው ይይዛሉ፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ መብራት፣ የአጥር ምሰሶ። ሩጫው ተጀምሮ እዚያ ምልክት ጋ ሲደርሱ መርፌው የመነሻውን ፍጥነት 70 በመቶ ካላሳየ ክርክር የለም፤ ጋዙ ይመለሳል፣ ፍሬን ይያዛል፣ ተመልሶ ጥላ ሥር ቆሞ አመሻሽ ይጠበቃል።