«ጎበዝ የትም አይቀርም» ይባላል፤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ድሮ ጎበዝ ከሆነ ማንም ያድግ ነበር»

ማስረጃ ተብለው የሚጠሩት ሁሌ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ተማርከው መጥተው በኋላ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም ቆስለው የተማረኩ ልጅ ነበሩ፤ አድዋ ላይ በመድፍ ተኳሽነታቸው ስማቸው ተነሣ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን ሁለቱንም ያነሷቸው ምኒልክ ናቸው። የንጉሥ ዓይን ያላረፈበት ጭሰኛ፣ ምን ብልህ ቢሆን፣ ከምርቱ እርቦ ወይም ሲሶ እየሰጠ ኖሮ ያንኑ ዕዳ ለልጁ አውርሷል። ይህ በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

«ባለ እጅን መናቅ የድሮ ነገር ነው»

ይሄ በጣም ያመኛል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን ይዛ ትመጣለች። ዋጋ ይነጋገሩና ብሩ በእጇ አይሰጣትም፤ መሬት ላይ ይቀመጥላታል። ጎንበስ ብላ ታነሣለች። ውኃ ከጠየቀች የተሰነጠቀው ጣሳ ይወጣላታል፣ ያ ጣሳ ለሌላ ሰው አይቀርብም። በዚያው ቀን ቡናው በእሷ ጀበና ይፈላል።

ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳውን የሚፍቀው፣ የበዓል ልብሳችንን የሚሸምነው ሁሉ ከዚህ ያላመለጠባቸው ብዙ አካባቢዎች አሉ። «ቡዳ» የሚባለው ቃልም የተለጠፈው እነሱ ላይ ነው። አንዳንድ ቦታ ዛሬም ልጅ የሚሰጣቸው ወይም ከልጃቸው የሚጋባ የለም። ሰው ሀብት ቢያፈራ እንኳ ይህ አጥር በገንዘብ አይዘለልም።

«የተማረ ሁሉ ያልፍለታል»

ትምህርት ብዙ የድሃ ልጅ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 43 በመቶ ያህሉ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መቼም በእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ አይደለም። ቤተ ሙከራ ጠፍቶ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ተካፍሎ፣ የፊዚክስ መምህር ሳይመጣ መንፈቁ አልቆ ነው።