ያልሆኑትን መስሎ መታየት በቻርሊ ቻፕሊን ድምፅ አልባ ኮሜዲዎች

አንዱ በሌላው ሰው ቦታ ተቆጥሮ ከመደቡ ውጭ የሚገባበት ታሪክ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ዋነኛ የሳቅ ምንጭ ነበር። በጀርመን ኤርነስት ሉቢትሽ በ1919 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባዘጋጀው «ዘ ኦይስተር ፕሪንሰስ» አሽከር ልዑል መስሎ ይገባል። ይህን ጉዳይ የቻርሊ ቻፕሊንን ያህል ደጋግሞ የሠራበት ግን የለም ማለት ይቻላል።

ቻፕሊን በ1889 ተወልዶ በልጅነቱ በለንደን የድሆች መጠለያ ገብቶ ያየ ሰው ነው። በ1914 በተሠራው «ኮት ኢን ኤ ካባሬት» ትልቅ ባለሥልጣን ነኝ የሚል አስተናጋጅ ሆኗል። በ1916 ደግሞ «ዘ ካውንት» (ካውንት የአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ ነው) መጣ። ልብስ ሰፊው ከካውንት ደንበኛው ሱሪ ኪስ ባገኘው ደብዳቤ ተጠቅሞ በካውንቱ ስም ወደ ባለጸጎች ግብዣ ይሄዳል። ያባረረው ረዳቱ ቻፕሊን ግን ወጥ ቤቷን ሊጠይቅ በጓሮ ገብቶ ኖሮ ይቀድመዋል፤ ራሱን ካውንት፣ የቀድሞ አለቃውን ጸሐፊ ያደርጋል። እራት ላይ ሐብሐቡ ጆሮው ድረስ ስለሚያረጥበው ራሱን በናፕኪን ያስራል።

የዚህ ዓይነቱ ኮሜዲ ቁንጮ በ1921 የወጣው «ዘ አይድል ክላስ» ነው፤ ከረጃጅሞቹ ፊልሞች ያነሰ መወሳቱ አይገባውም። ቻፕሊን ከርታታውንም ሰካራሙን ባለጸጋም ሆኖ ይጫወታል። ሚስቱ መጠጥ ካልተውክ አብሬህ አልኖርም ስትለው ባልየው ጀርባውን ይሰጣል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቀሰ ይመስላል። ዞር ሲል ለካ ኮክቴል እየበጠበጠ ነው።

ፖሊስ ያሳደደው ከርታታ ሁሉም የማስመሰያ ልብስ ለብሶ ከመጣበት የዳንስ ግብዣ ሲደርስ ቡትቶው እንደ ማስመሰያ ይታይለታል። ኤድና ፐርቪያንስ የምትጫወታት ሚስት ባሏ መስሏት ትቀበለዋለች። እውነተኛው ባል የብረት ጥሩር ለብሶ የፊት መከለያው አልከፈት ብሎታል። ይህ ብረት ድርብ ሥራ አለው፦ ፊቱ ስለማይታይ ሁለቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ በጥሩሩ ውስጥ ሌላ ሰው ሊቆም ይችላል። በመጨረሻ መከለያውን የሚከፍትለት ከርታታው ራሱ ነው፤ መሣሪያው የቆርቆሮ መክፈቻ ነው።

ጉዱ ሲወጣ ከርታታው ይባረራል። የሚስቲቱ አባት ተጸጽተው ሊጨብጡት ይከተሉታል። እሱ ግን መሬት መሬቱን ያሳያቸዋል፤ ጎንበስ ሲሉ በእርግጫ ብሏቸው ይሮጣል።